ልጆች ከተኙ በኋላ ሠራዊት መቀባት፦ መጠን፣ ማቴሪያልና አቀባብ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

የታሪክ ሠራዊትን በትንንሽ ወታደሮች ቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍና የጦርነት ጨዋታ መጫወት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የትኛው ያምራል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ልጅና ትዳር ላለው ሰው ግን የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ማታ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ በእጅ የሚቀረው ስንት ደቂቃ ነው? ካርቶን ውስጥ ሳይቀቡ ዓመታት የሚያስቆጥሩ ወታደሮች የስንፍና ምልክት አይደሉም። ብዙዎቹ እዚያ የቀሩት የተገዛው መጠንና የተመረጠው አቀባብ ከቤቱ ሰዓት ጋር ስላልተገጣጠሙ ነው።

ሒሳቡ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ ዓድዋን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። የኢጣሊያው ጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ፣ ወደ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ከሌሎቹ ርቆ የገባው፣ 4,000 ያህል ሰውና 14 መድፍ ነበረው። አንድ ቅርጽ 50 ሰው እንዲወክል ብናደርግ 80 ወታደር ይሆናል። ከፊቱ 12,000 ሰው የሚወክል የኢትዮጵያ ጦር ብናቆም 240 ይጨመራል። ድምሩ 320 ነው፤ ከአራት መድፍና ከጥቂት ፈረሰኛ ጋር አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያጫውት ሠራዊት። ዓድዋ ለንጽጽር የሚመች ሌላም ምክንያት አለ፦ አብዛኛው ሰው የለበሰው ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ የየትኛውንም አቀባብ ድክመት ያጋልጣል።

## በምን እንመዝን?

የተጣራ ሰዓት። በሳምንት አራት ማታ፣ በእያንዳንዱ 40 ደቂቃ አለ እንበል። ድምሩ 160 ደቂቃ ነው። ጠረጴዛ ማጽዳት፣ ቀለም ማውጣት፣ ብሩሽ ማጠብና መሰብሰብ በየማታው 15 ደቂቃ ከበላ ለመቀባት የሚቀረው 100 ደቂቃ ነው። ዝግጅቱ ወደ 5 ደቂቃ ቢወርድ 140 ይሆናል። ያለ ምንም የሙያ መሻሻል 40 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ማለት ነው። ዓመቱንም በ52 ሳምንት አይቁጠሩት። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ የበዓል ሰሞንና የልጅ ጉንፋን ተቀንሶ 40 ሳምንት ቢያዝ ለእውነት ይቀርባል።

መቋረጥን መቻል። «አባዬ!» ወይም «እማዬ!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ብሩሹን አስቀምጦ መነሳት ይቻላል ወይስ ሥራው ይበላሻል? ይህ መለኪያ በሻጮች ገለጻ ውስጥ አይገኝም። እንዲያውም ለወላጅ ከሁሉም በላይ የሚመዝነው እሱ ነው።

ሽታና አደጋ፤ ቦታ፤ ጠቅላላ ወጪ። ወጪ ሲባል የወታደሩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ)፣ ቫርኒሽ፣ ማስቀመጫ ሣጥንና የፖስታ ክብደትም አለ።

የሚታይበት ርቀት። ሠራዊት የሚታየው ቆሞ፣ ከአንድ ሜትር ገደማ ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚታይ የዓይን ብሌን ለመሳል የሚጠፋው ሰዓት ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሰዓት ነው።

## መጠን፦ 6፣ 15፣ 20 ወይስ 28 ሚሊ ሜትር?

ቁጥሩ የቆመ ሰው ቅርጽ የሚኖረውን ቁመት በግምት ያመለክታል። አምራቾች ግን አይስማሙም፤ «28» ተብሎ የተሸጠ ወታደር ከሌላው «28» ጎን ሲቆም የአንድ ጭንቅላት ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። የተለያየ አምራች ዕቃ በአንድ ክፍል ውስጥ ከመደባለቅ ለየብቻ ማሰለፍ ይሻላል።

6 ሚሊ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰው በአንድ ቁራጭ ተያይዞ ይመጣል። ፊት የለውም፤ ጭንቅላት የቡናማ ነጥብ፣ ጥለት ደግሞ የቀይ ጭረት ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ትንሽ ነው ብሎ የገዛ ሰው ቁጥሩን ያበዛል። 320ው በአምስት ሳምንት ያልቃል፤ ነገር ግን «እንግዲህ አንዱ 10 ሰው ይወክል» ከተባለ ቅርጹ 1,600 ይደርሳል፣ ሥራውም 23 ሳምንት። ከ15 ሚሊ ሜትር ጋር ብዙም አይለያይም። ለዚህ ድካም የሚገኘው ግን ሌላ መጠን የማይሰጠው እይታ ነው፤ ሸለቆ ሞልቶ የሚወርድ ጦር።

15 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሰው 12 ደቂቃ ገደማ ይጠይቃል። ሦስት ወይም አራት ሰው 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው አንድ መቆሚያ ላይ ስለሚጣበቅ ማንሳትና መሰብሰብ ፈጣን ነው። የፊት ዝርዝር አይጠይቅም፤ የጃኖው ጥለት፣ ጋሻውና ጠመንጃው ግን በግልጽ ይነበባሉ። ጨዋታና የቤት ሕይወት ማስታረቅ ለሚፈልግ ሰው ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል።

20 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከእውነተኛው መጠን አንድ ሰባ ሁለተኛ (1/72)፣ በአብዛኛው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። በአንድ ሣጥን 40 እና 50 ያህል ሰው ይገኛል፤ በነፍስ ወከፍ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ችግሩ ከማቴሪያሉ ነው፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

28 ሚሊ ሜትር ፊት፣ ጢምና የጨርቅ እጥፋት አለው። እያንዳንዱን ወታደር እንደ አንድ ሥራ ማየት ለሚወድ ሰው ደስታው እዚህ ነው። ዋጋውም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም እንዲሁ። A4 ወረቀት የሚያህል ወለል ባለው ሣጥን በ25 ሚሊ ሜትር መቆሚያ ላይ የቆሙ 88 ሰዎች ተጠጋግተው ይገባሉ፤ ለ320 አራት ሣጥን ያስፈልጋል። በ15 ሚሊ ሜትር ሦስት ሦስት ሆነው 40 በ20 መቆሚያ ላይ ከቆሙ አንዱ ሣጥን 210 ይይዛል። አንድ መኝታ ቤት ባለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

## ማቴሪያል

የብረት ቅይጥ ለመቀባት ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል፤ የቅርጹን መጋጠሚያ መስመር በቀጭን ሞረድ ማጥፋት፣ በሳሙና ማጠብና መጀመር። ሳይታጠብ የቀረ ብረት ላይ ቀለም ይላጣል፤ ምክንያቱም ሲቀለጥ ቅርጹ እንዳይጣበቅ የተረጨው ዱቄትና የእጅ ቅባት በላዩ አለ። ሁለት ነገር ይታሰብበት። ክብደቱ በፖስታ ሲመጣ ዋጋ ይጨምራል። ደግሞም አንዳንዱ ቅይጥ፣ በተለይ የቆየው፣ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በደረቁ አይጠረግ፣ እፍ አይባል፣ የምግብ ጠረጴዛ ላይም አይሠራ። ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ጠንካራ ፕላስቲክ በ28 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ቀላል ነው፣ በደንብ ይጣበቃል፣ ቀለምም ይይዛል። የሚደብቀው ሰዓት ግን አለ፦ ክንድ፣ ጭንቅላት፣ ጠመንጃና ኮሮጆ ለየብቻ ተቆርጦ ይጣበቃል። ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ቢፈጅ ለ320 ሰው 53 ሰዓት ገና ቀለም ሳይከፈት ያልቃል። ቴሌቪዥን እየታየ የሚሠራ ሥራ መሆኑ ያጽናናል። ልጅ አጠገብ ካተር ይዞ መሥራት ግን አይሆንም።

ለስላሳ ፕላስቲክ ይታጠፋል፤ የተቀባ ጠመንጃ ሲታጠፍ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። መፍትሔው ሦስት እርምጃ አለው። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፍተጉት፤ ሲደርቅ ነጭ የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥነው አንድ ጊዜ ይቀቡት፤ በመጨረሻ የሚታጠፍ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይደርቡ። የተጣመመ ጠመንጃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነክረው አቅኑና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ሱፐር ግሉ በዚህ ፕላስቲክ ላይ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ክንድ ቆርጦ መቀየር የሚወድ ሰው ይህን ማቴሪያል ይተወው።

በስሪ-ዲ ፕሪንተር የታተመ ሬዚን ተዘጋጅቶ ከተገዛ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ጦርና ሳንጃ ግን እንደ ስቴኪኒ ይሰበራል። ቤት ውስጥ ማተም ሌላ ጉዳይ ነው። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን ይጎዳል፤ ናይትራይል ጓንት፣ የአልኮል ማጠቢያና አየር የሚወጣበት የተለየ ክፍል ይጠይቃል። ትንሽ ልጅ ባለበት፣ የተለየ ክፍል በሌለበት ቤት ይህ አማራጭ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

## አቀባብ፦ ዋናው ምርጫ

### ንብርብር

ጥላ፣ መካከለኛና ብርሃን፤ ሦስት ድምቀት ተራ በተራ። በ28 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሰው 90 ደቂቃ ይጠይቃል። ሰው «ለወላጅ አይሆንም» ብሎ ያልፈዋል። በመቋረጥ መለኪያ ግን አሸናፊው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቅብ ቀጭን ስለሆነ በጥቂት ደቂቃ ይደርቃል፤ የትም ቦታ ላይ ቢቆም ምልክት አይተውም። የሚያስፈልገው ቀለሙ እስኪመለሱ እንዳይደርቅ ብቻ ነው። ለዚህ እርጥብ መደባለቂያ ይሠራል፦ ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ውሰዱ፤ ስስ ስፖንጅ ወይም አራት እጥፍ ሶፍት አርጥባችሁ አንጥፉ፤ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት ደርቡ፤ ቀለሙን እዚያ ላይ ያውጡት። ሲዘጋ እስከ ማግስቱ ማታ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰም የተቀባ ወረቀት ውሃ ስለማያሳልፍ አይሠራም። ስፖንጁ ውሃ ካቆረ ደግሞ ቀለሙ ይቀጥናል፤ ዘንበል ሲደረግ መንጠባጠብ የለበትም።

### ባለ አንድ ቅብ ቀለም

ኮንትራስት ወይም ስፒድ ፔይንት እየተባለ የሚሸጠው ነው። ነጣ ባለ ፕራይመር ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሠራል፣ ከፍ ካለው ቦታ ሸሽቶ ብርሃን ይተዋል። በ28 ሚሊ ሜትር 90 ደቂቃው ወደ 30 ይወርዳል።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ግማሽ ጨርቅ ላይ ቆመው ከተነሱ ዳሩ ይደርቅና ከደረቀ ቡና ሥር እንደሚቀር ቀለበት ያለ መስመር ይታያል። ስለዚህ ሥራውን በጨርቅ ይከፋፍሉት፤ አንድ ጋቢ ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ ነው፣ ልጅም አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ እግር ሥርና ብብት ውስጥ ይቋጠራል። ወዲያው በረጠበ ንጹሕ ብሩሽ ይምጠጡት። መወፈር ከጀመረ ግን አይንኩት፤ ቆዳው ይቀደዳል። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ዓይነት ከደረቀ በኋላም እርጥብ ቀለም ሲነካው ይሟሟል፤ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈሳል። ጠርሙሱን እንደገዙ በአሮጌ ወታደር ላይ ቀይ ቀብተው ያድሩና ማግስቱን ነጭ ይደርቡበት። ነጩ ሮዝ ከሆነ ያንን ቀለም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጠቀሙበት።

### ድፍን ቀለምና ጥላ

ስድስት ወይም ስምንት ቀለም በድፍኑ ይቀባል፤ ከዚያ በመላው ላይ ቡናማ ቀጭን ጥላ ይደረብበታል፤ ሲደርቅ ድብዝ ቫርኒሽ። ለ15 እና ለ20 ሚሊ ሜትር ከዚህ የሚሻል የለም። በ28 ሚሊ ሜትር 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ጥላው በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ ልዩነታቸው በቤት ውስጥ ትልቅ ነው። በዘይት የተሠራው፣ ቫርኒሽና ጥላ በአንድነት የሆነው፣ ጠንካራ መከላከያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ይሸታል፣ ብሩሹ በቲነር ወይም በአኳራጅ ይታጠባል፣ ለመድረቅም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የሚያጣብቅ ወታደር ከልጅ እጅና ከአቧራ መሸሸግ አለበት። በውሃ የተሠራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፣ አይሸትም። ልጅ ባለበት ቤት ምርጫው የውሃው ነው። ከየትኛውም ቢሆን ወታደሩን ነክሮ ማራገፍ አይሞከር፤ ግድግዳው ላይ የሚረጨው አይለቅም። በብሩሽ ይቀባ።

## ነጭ ጨርቅና ጠይም ቆዳ

የዓድዋን ጦር የሚቀባ ሰው ከላይ ካሉት ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ነው፤ የአውሮፓ መመሪያዎች ስለ ሰማያዊና ቀይ ኮት እንጂ ስለ ጋቢ ብዙ አይሉም።

ነጭን በነጭ አይጀምሩ። በጥቁር ፕራይመር ላይ ነጭ ለማምጣት አራት ቅብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያም ወፍሮ ኖራ ይመስላል። የአጥንት ቀለም የሚባለው ነጣ ያለ ቤዥ ፕራይመር ይግዙ። ለኢትዮጵያዊው ነጠላና ጋቢ፣ ለአስካሪው (በኢጣሊያ ሥር ለተዋጋው ኤርትራዊ ወታደር) ነጭ ልብስና ለኢጣሊያዊው ካኪ ሦስቱንም መነሻ ስለሚሆን አንድ ጣሳ ሠራዊቱን በሙሉ ይጀምረዋል። ለነጩ ጨርቅ እጥፋቱን ብቻ በውሃ በቀጠነ ግራጫ-ቡናማ ይከተሉ፤ ከፍ ያለውን በክሬም ነጭ ያብሩ። ንጹሕ ነጭ ለትከሻና ለጉልበት ጫፍ ብቻ ይቀመጥ። ቡናማውን ጥላ እንዳለ በመላው ላይ የሚያፈስ ሰው በጭቃ የተነከረ ሠራዊት ያገኛል። ጥላውን በሁለት እጥፍ ማቅጠኛ ቢያቀጥነው ግን ተራራ ወጥቶ የመጣ፣ አቧራ የጠጣ ልብስ ይሆናል፤ ለእውነቱም የሚቀርበው እሱ ነው።

ለቆዳ በጥቁር ቡናማ ይጀምሩ፤ ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቂት ብርቱካናማ የገባበት። ለማብራት ነጭ ከጨመሩ ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ሁሉንም ሰው በአንድ ቡናማ መቀባትም አይገባም፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ጠይም ሲቀላቀል ጦሩ ሕይወት ያገኛል።

የአስካሪው ሥራ ይቀላል፤ ቀይ ታርቡሽና መቀነት ነው የሚለየው። የታርቡሹ ዘርፍና የመቀነቱ ቀለም እንደ ሻለቃው ይለያይ ስለነበር እያንዳንዱን ሻለቃ በተራው ቀብቶ መጨረስ ይመቻል። የአንበሳ ጎፈር፣ ለምድና በጌጥ የተለበጠ ጋሻ ያላቸውን መኳንንት ለመጨረሻ አቆይተው አንድ ሙሉ ማታ ይስጧቸው። ከአንድ ሜትር ዓይን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

መቆሚያው ላይ የተነፋ አሸዋ በኮላ፣ ከዚያ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በደረቅ ብሩሽ ቤዥ። የካቲት ስለሆነ ሳሩ ገለባ ይሁን፤ ለእንግሊዝ መስክ የተሠራው አረንጓዴ የሳር ዱቄት እዚህ ውሸት ነው።

## ቦታ፣ ብርሃንና የሚረጭ ነገር

ቋሚ ጠረጴዛ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ለሌላው 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠርዝ ያለው ትሪ ይበቃል። ሁሉም ነገር በላዩ ይኑር፤ ቀለም አሥር ጠርሙስ፣ ሁለት ብሩሽ፣ እርጥብ መደባለቂያው፣ ስምንት ወታደር። ማታ አንስቶ ቁም ሣጥን ላይ ማውጣት አንድ ደቂቃ ነው። ከላይ ያልነው 40 በመቶ የሚገኘው ከዚህ ነው። ወታደሮቹን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቆርኪ ላይ በጥቂት ኮላ ያጣብቁ፤ መያዣም ይሆናል፣ እጅም ቀለሙን አይነካም።

በአንድ ጊዜ የሚቀቡት ቁጥር በ28 ሚሊ ሜትር ከ6 እስከ 10፣ በ15 ደግሞ እስከ 24 ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሆን አንዱን ቀለም ለመጨረስ ሁለት ማታ ይፈጃል፤ ሰው የሚሰለቸውም በዚያ ጊዜ ነው።

ብሩሽ ቁጥር 1 ወይም 2፣ ጫፉ የሾለ። ጥቃቅኑ ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ወታደሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። አምፖሉ ነጭ ብርሃን ይኑረው፤ በቢጫ መብራት ክሬሙ ከነጩ አይለይም፣ ስህተቱ የሚታየው ጠዋት ነው። የብሩሽ ውሃ በስኒ አይቀመጥ፤ አንድ ቀን ሰው ይጠጣዋል።

ስፕሬይ ፕራይመርና ቫርኒሽ ውጭ ብቻ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ጣሳው ሁለት ደቂቃ ተንጦ። በአዲስ አበባ ክረምት ወይም ርጥበት ባለበት ሌላ ቦታ የተረጨ ቫርኒሽ ጉም የመሰለ ነጭ ሽፋን ይተዋል። ሲያጋጥም ደረቅ ቀን ጠብቀው አንጸባራቂ ቫርኒሽ በብሩሽ ይቀቡበት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ከዚያ ድብዙን ይደርቡ። በዱባይ ወይም በጅዳ በጋ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይለጠፋል። በረንዳ ለሌለው፣ አየሩም ለማይመቸው ሰው በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር አለ። በ28 ሚሊ ሜትር ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይጨምራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ስለ ማግኔት አንድ ማሳሰቢያ። ወታደሮች ሣጥን ውስጥ እንዳይንሸራተቱ ብዙ ሰው ትንንሽ ኒዮዲሚየም ማግኔት መቆሚያ ሥር ያጣብቃል። ተነቅለው ሕፃን ሁለቱን ከዋጠ በአንጀት ግድግዳ ተሻግረው ይሳሳባሉ፤ አንጀት ሊበሱ ይችላሉ፣ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ካለ በምትኩ የሚቆረጠውን ማግኔታዊ ንጣፍ ሣጥኑ ወለል ላይ አንጥፈው ቀጭን ቆርቆሮ መቆሚያው ሥር ያድርጉ። የኒዮዲሚየሙን ያህል አይጠነክርም፤ እንዳይንሸራተቱ ግን ይረዳል። ወታደሮቹ ራሳቸውም ሕፃን የሚዋጣቸው ናቸው፤ ቦታቸው ከፍ ያለ መደርደሪያ ነው።

## በአንድ እይታ

ሠንጠረዡ የተሠራው ለ320 ወታደር፣ በሳምንት 140 የተጣራ ደቂቃ፣ በዓመት 40 ሳምንት ተይዞ ነው። ደቂቃዎቹ መጠነኛ ልምድ ላለው ሰው የሚሆኑ ግምቶች ናቸው፤ መገጣጠምና መቆሚያ አልተካተተም።

| መጠንና አቀባብ | ለአንድ ሰው | ጠቅላላ ሰዓት | የሚያልቅበት | መቋረጥ ሲመጣ | የግዢ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| 28 ሚ.ሜ.፣ ንብርብር | 90 ደቂቃ | 480 | 5 ዓመት | ምንም አይሆንም | ከፍተኛ |
| 28 ሚ.ሜ.፣ ድፍንና ጥላ | 40 ደቂቃ | 213 | 2 ዓመት ከ3 ወር | ጥላው ሲቀባ ብቻ ያስቸግራል | ከፍተኛ |
| 28 ሚ.ሜ.፣ ባለ አንድ ቅብ | 30 ደቂቃ | 160 | 1 ዓመት ከ9 ወር | ጨርቁን መጨረስ ግድ ነው | ከፍተኛ |
| 20 ሚ.ሜ.፣ ድፍንና ጥላ | 15 ደቂቃ | 80 | 10 ወር | ጥላው ሲቀባ ብቻ ያስቸግራል | ዝቅተኛ |
| 15 ሚ.ሜ.፣ ድፍንና ጥላ | 12 ደቂቃ | 64 | 8 ወር | እምብዛም አያስቸግርም | መካከለኛ |
| 6 ሚ.ሜ.፣ ድፍንና ጥላ | 2 ደቂቃ | 11 | ከ2 ወር በታች | አያስቸግርም | ዝቅተኛ |

## ለማን የትኛው?

አራስ ወይም ዳዴ የሚል ልጅ ያለው። ሰዓቱ የተቆራረጠ ነው፤ 15 ደቂቃ እዚህ፣ 10 እዚያ። 15 ሚሊ ሜትር፣ በውሃ የሚታጠብ ቀለም ብቻ፣ ስፕሬይ የለም፣ ማግኔት የለም። 28 ሚሊ ሜትር ካልሆነ የሚል ሰው ሠራዊቱን ትቶ በንብርብር ሃያ ሰው ይቅባ፤ ለትንሽ የቅኝት ግጭት ይበቃሉ።

ከስድስት ዓመት በላይ ልጅ አብሮት መቀባት የሚፈልግ። ለስላሳው 20 ሚሊ ሜትር። ቢወድቅ አይሰበርም፣ ቢበላሽ ዋጋው አያስቆጭም። ለልጁ መቆሚያ፣ ድንጋይ፣ የፈረስ ገላና ጋሻ ይስጡት፤ ትልልቅ ገጽ ያለው ሥራ ያስደስተዋል። የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ የልጅ እጅ ብሩሽ ታች ድረስ ይነክራል፣ ጥሩው ብሩሽ በአንድ ማታ ያበቃለታል። የብረት ወታደር መሞረድና ካተር የትልቅ ሰው ድርሻ ሆነው ይቆያሉ።

በጀቱ ጠባብ የሆነ፣ ወይም ዕቃው ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣለት። 20 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ወይም 6 ሚሊ ሜትር፤ ሁለቱም ከሻንጣ ጥግ ይገባሉ። ሥዕል መሣሪያ ቤት የሚሸጠው የቱቦ አክሪሊክ ይሠራል፤ ነገር ግን ወፍራም ስለሆነ እንደ ወተት እስኪሆን በውሃ ይቅጠንና ሁለት ጊዜ ይቀባ። ለቆዳና ለቡናማ ጥሩ ነው፤ ለጥቃቅን ቀይና ቢጫ ግን ሁለት የሞዴል ቀለም ጠርሙስ መግዛት አይቆጭም።

ሳምንቱን ሙሉ ሰዓት የሌለው፣ ቅዳሜ ግን ሦስት ሰዓት ያልተነካ ያለው። መቋረጥ ስለማይመጣበት ድፍን ቀለምና ጥላ፣ 24 ሰው በአንድ ጊዜ። ዓርብ ማታ ፕራይመር፣ ቅዳሜ ቀለም፣ ሲያልቅ ጥላ፣ እሑድ ከሰዓት ቫርኒሽ።

ቀለሙን እንጂ ጨዋታውን የማይፈልግ። 28 ሚሊ ሜትር በንብርብር። 320 ይቅርበት፤ መኳንንቱንና አንድ የመድፍ ቡድን ይያዝ።

ካዘዙ በኋላ መጸጸት እንዳይመጣ ሠራዊቱን ከመግዛትዎ በፊት ከመረጡት መጠን ስምንት ወታደር ብቻ ይግዙ። በሚቀቡበት ማታ፣ በሚቀቡበት ጠረጴዛ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይቀቧቸው፤ ትሪው ከወረደበት እስከተመለሰበት ያለውን ደቂቃ ሁሉ ይጻፉ። ድምሩን ለስምንት አካፍለው በ320 ያባዙት፤ የወጣውን በዓመት ባለዎት ደቂቃ ያካፍሉት። ከሁለት ዓመት የሚያልፍ ቁጥር ከወጣ አንድ መጠን ይውረዱ፣ ወይም አንዱ ቅርጽ በ50 ፈንታ 100 ሰው እንዲወክል ያድርጉ፤ 160 ወታደር ይበቃል።